የሐሙስ ነፋስ

ዓባይነሽ ውሃውን ገና አልከፈተችም ነበር። ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ቆማ ሳለ የባሏ ወንድም የብሥራት ድምፅ በአየር ማስገቢያው ቀዳዳ በኩል ከሳሎን ተሻግሮ መጣ። ስልክ እያወራ ነበር። «ፈርማለች እኮ፤ ሐሙስ ዕለት ፈርማለች» አለ። ጥቂት አዳመጠና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እትዬ ዓባይ አታውቅም። ማክሰኞ ሐኪሙ ራሱ ይንገራት ብለናል» አለ። ዓባይነሽ እጇን ሰድዳ ውሃውን ከፈተችው። የምትታጠብ እንዲመስለው ብላ ነው። ራሷ ግን ከውሃው ውጪ፣ ቀዝቃዛው ንጣፍ ላይ በባዶ እግሯ ቆማ መስተዋቱ በእንፋሎት ተሸፍኖ ፊቷን እስኪያጠፋው ድረስ ጠበቀች። ምን እንደተፈረመ የሚነግራት ሰው አላስፈለጋትም። ባሏ ይገዙ አንጎሉ ውስጥ ደም ፈሶ ከወንዙ ማዶ አሌክሳንድሪያ የሚገኝ ነርሲንግ ሆም፣ የሕሙማን ማስታመሚያ ቤት፣ ከተኛ አስራ አንድ ወር ሆኖታል። አይናገርም፣ አይዞርም፤ ምግብ የሚገባለት በሆዱ በተተከለ ቱቦ ነው። ባለፈው ወር ሐኪሞቹ ቱቦው ተነስቶ ቢያርፍ ይሻላል ብለው ነበር። የዓባይነሽ እንግሊዝኛ ከምትሠራበት ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ስለማያልፍ በሕክምናው ላይ የመወሰን ውክልናው በአንዲት ልጇ በዮሐና ስም ነው። የንስሐ አባታቸው ተጠይቀው፣ «ሐኪም የሚለውን ስሙ፤ እኔ ያለኝ ጸሎት ነው» ብለው ከነገሩ ወጥተዋል። እሷ ግን እሺም እምቢም ሳትል ወሩ አልቆ ነበር።

ልብሷን ልትለብስ መኝታ ቤት ስትገባ ካይቶቹ፣ በክር ይዘው ነፋስ ላይ የሚያበሯቸው የይገዙ ሥራዎች፣ ዞረዋል። ጣሪያው ላይ በቀጫጭን ሚስማር የተንጠለጠሉት ይገዙ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ከሠራቸው መካከል ሳይቀደዱ፣ ዛፍ ላይ ሳይቀሩ፣ ወንዝ ሳይገቡ የተረፉት ናቸው። ታክሲውን አቁሞ ሲገባ እራቱን እንኳ ሳይበላ ወለል ላይ ይቀመጥ ነበር። ከአሮጌ ዕቃ ሱቅ በአራት ዶላር ከዘጠና ዘጠኝ ሳንቲም የገዛውን የቀርከሃ የመስኮት መጋረጃ ፈትቶ አንዷን ዘንግ በቢላ ይሰነጥቅና በተሰበረ ጠርሙስ ይፍቃታል። ከዚያ ጣቱ ላይ አጋድሞ ሚዛኗን ያያል፤ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለች እንደገና ይፍቃታል። ዓባይነሽ ደግሞ ፖስታ ቤት የሚሰጠውን የማይቀደድ ነጭ ፖስታ ገጣጥማ ጠርዙን በመኪና ትሰፋለች፤ ከአሮጌ ካናቴራ ጭራ ትቆርጣለች። ልጓሟን፣ ማለትም ካይቱን ከረጅሙ ክር ጋር የምታያይዘውን ባለ ሦስት እግር ክር፣ ግን ይገዙ ለማንም አይሰጥም ነበር። ካይቱ ነፋሱን በደረቱ ይገጥመው ወይም በአፍንጫው ይደፋ የሚወስነው የልጓሟ ቋጠሮ ነው ይላል። ዩ ስትሪት የሚገናኛቸው ጓደኞቹ «በዚህ ዕድሜህ?» እያሉ ይስቁበት ነበር፤ እሱም አብሯቸው ይስቅና በማግስቱ ሌላ መጋረጃ ይገዛል።

ማሞቂያው ሲነሳ ከቀዳዳው የሚወጣው አየር ካይቶቹን እንደሚያዞራቸው ዓባይነሽ ታውቃለች። ይገዙ ሆስፒታል ከገባ ወዲህ ግን ዞረው ሲያበቁ አፍንጫቸውን ወደ እሱ የአልጋ ጎን አድርገው መቆም ጀምረዋል። አንድ ሁለት ሳይሆን ሁሉም። መጀመሪያ ሰሞን በመጥረጊያ እንጨት እየነካካች ወደ መስኮቱ ትመልሳቸው ነበር፤ በኋላ ተወቻቸው። ዛሬም እንደዚያው ናቸው። አንዱ ሚስማር ደግሞ ባዶውን ነው። ቀይ ጭራ ያለው ትልቁ ነጭ ካይት ከሰኞ ጀምሮ የለም። አልጋ ሥር ፈልጋለች፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ፈልጋለች፤ ማንንም ግን አልጠየቀችም። ብትጠይቅ ሐሳብ አናወዛት እንደሚሏት ታውቃለች።

ብሥራት እንቁላል ጠብሶ ጠበቃት። ከይገዙ ታናሽ ነው፤ ከዳላስ ከመጣ አምስት ቀኑ ሲሆን የሚያድረው ሶፋው ላይ ነው። ስለ እንቁላል ዋጋ አወራ፤ ዳላስ እንዲህ አይወደድም አለ። ከፎቁ በታች ስላለው የመኪና ማቆሚያ አወራ፤ ሰዓቱ ካለፈ ቅጣቱ ስድሳ ዶላር እንደሆነ ነገራት። እሷም «አዎ፣ እንደዚያ ነው» አለች። ሹካው ሳህኑን ሲነካ የሚሰማው ድምፅ ትልቅ ሆነ። «ላድርስሽ እትዬ ዓባይ፤ መኪናውን ለዚሁ አይደል የተከራየሁት» አላት። «ባቡር ይሻለኛል» አለችና ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። በሩን ስትዘጋ ስልኩን ሲያነሳ ሰማችው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ ጣቢያ ቀዩን መስመር ይዛ መሀል ከተማ ላይ ወደ ቢጫው ተሻገረች። ቅዳሜ በመሆኑ ሁለት ዶላር ተኩል ብቻ ነው የከፈለችው፤ ፉርጎውም ባዶ ነበር። ባቡሩ ከመሬት በታች ወጥቶ ድልድዩ ላይ ሲደርስ የፖቶማክ ወንዝ እንደ እርሳስ ግራጫ ሆኖ ተዘርግቷል። ደመናው ዝቅ ከማለቱ የተነሳ የሚያርፉት አውሮፕላኖች ድምፃቸው ቀድሞ ይመጣና አካላቸው ወንዙ አጠገብ ሲደርስ ብቻ ይታያል። መጋቢት ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶታል፤ ነፋስ አለ። ይገዙ ቢሆን ኖሮ መዳፉን መስኮቱ ላይ ለጥፎ «ይሄ ጥሩ ነፋስ ነው፤ አይዘልም» ይላት ነበር። ይህን ስታስብ አጠገቧ ያለው ወንበር የከበደ መሰላት። ዞራ ግን አላየችውም፤ አሌክሳንድሪያ ደርሳ አውቶቡስ እስክትይዝ ድረስ ፊት ፊቷን ብቻ እያየች ሄደች።

ክፍሉ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሁለት አልጋ አለው፤ መሀሉን ቢጫ መጋረጃ ይከፍለዋል። ከመጋረጃው ወዲያ ያሉት አቶ ልሳነወርቅ ናቸው፤ ሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ድሮ የጂኦግራፊ መምህር ነበሩ። ዓይናቸው ጠፍቷል፤ ጆሯቸው ግን በኮሪደሩ የሚያልፈውን ሰው በጫማው ይለያል። «ዓባይነሽ፣ ደህና አደርሽ?» አሏት ገና በሩን ሳታልፍ። «እግዚአብሔር ይመስገን፤ እርስዎስ እንዴት አደሩ?» ብላ ወደ ባሏ ሄደች። ይገዙ ዓይኑ ተከፍቶ የመስኮቱን ላይኛ ጥግ ያያል። ጸጉሩን አሳጥረው ቆርጠውታል። ቱቦው ውስጥ ቡናማው ፈሳሽ ቀስ እያለ ይወርዳል። የቀኝ እጁ አመልካች ጣት ብርድ ልብሱ ላይ ቀና ትልና ትወድቃለች፤ እንደገና ቀና ትላለች። ሐኪሞቹ ጡንቻው በራሱ የሚያደርገው ነው፣ እሱ አያውቀውም ብለዋል። ዓባይነሽ ግን ያቺ ጣት የምትነሳው ውጪ ያሉት ዛፎች ሲወዛወዙ እንደሆነ ብዙ ጊዜ አይታለች። ለማንም አልተናገረችም እንጂ ቆጥራለች።

ሁልጊዜ እንደምታደርገው በሳህን ለብ ያለ ውሃ አምጥታ እጁን ልታጥብ ተቀመጠች። አመልካች ጣቱን ገልብጣ በፎጣው ስታሸው በውስጥ በኩል፣ ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ፣ የተቆረጠ ነገር አየች። እንደ ጸጉር የቀጠነ፣ ቀጥ ያለ፣ ጥልቅ ቁስል ነው፤ ጠርዝና ጠርዙ ገና መገጣጠሙ ነው። ፎጣውን አስቀመጠች። የራሷን ቀኝ እጅ ዘርግታ አየች። እዚያው ጣት፣ እዚያው መታጠፊያ ላይ፣ ነጭ ሆኖ የቀረ የቆየ ጠባሳ አላት። ካይት ያበረረ ሰው ሁሉ ይህ ጠባሳ አለው፤ ክሩ በድንገት ሲሮጥ የሚያርፍበት ቦታ ይኸው ነው። ቢላ እንዲህ አይቆርጥም፤ ጥፍርም እንዲህ አይቧጭርም። ባለፈው እሁድ ይህን እጅ አጥባዋለች፤ አልነበረም።

«አቶ ልሳነወርቅ» አለች ድምጿ ቀጥኖ። «ይገዙን የሚያወጣው ሰው አለ?»

ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ድምጿ አዞሩ። «እኔ ያወቅሽ መስሎኝ ነበር» አሉ። «በዚህ ሳምንት ሦስት ቀን ወጥቷል። ሊነጋ ሲል ነው። አልጋው ሲንቋቋ ይሰማኛል፤ ከዚያ ክፍሉ ባዶ ይሆናል፤ ባዶ ክፍል ደግሞ ይታወቀኛል። ሲመለስ ነፋስ ነፋስ ይሸታል።»

«ከማን ጋር ነው የሚወጣው?»

«የሚናገር ሰው የለም። የጎማ ድምፅ ብቻ ነው። እንደው ነፍሱ እየሄደች ነው ብዬ ጸሎት አደረስኩለት።»

ዓባይነሽ ከመቀመጫዋ ተነሳች። ወጥታ ሃይማኖትን ጠራቻት፤ የቀን ተረኛ አስታማሚ ናት፤ ልጅ እግር ናት፤ የምትኖረው ሪቨርዴል ፓርክ ነው። ሃይማኖት መዝገቡን ኮምፒውተር ላይ ገልጣ አየች። «ምንም የለም እትዬ። ከአልጋ ከወረዱ ሦስት ሳምንታቸው ነው የሚለው። ማንም አላወጣቸውም» አለች። ጣቱን ስታሳያት ጎንበስ ብላ ተመለከተችና ምናልባት የአልጋው ብረት ይሆናል ብላ ፕላስተር ልታመጣ ሄደች። ጥግ ላይ የቆመው ተጋዳሚ ተሽከርካሪ ወንበር በአንሶላ ተሸፍኗል። ዓባይነሽ አንሶላውን ከፍ አደረገችው። ጎማው ላይ የደረቀ ሣር ተጣብቋል። ሁለት እጇን አፏ ላይ ጭና ቆየች። ከዚያ ፍርሃቱ ቀስ በቀስ እየለቀቃት ሌላ ነገር ገባባት፤ ደስ አላት። ስልኳን አውጥታ ብሥራት ጋ ደወለች። «ይገዙ ክር ይዟል» አለችው። «ጣቱን ክር ቆርጦታል። አለ፤ ውስጥ አለ፤ የተፈረመውን ነገር አስቁሙት።» «እትዬ ዓባይ፣ እዚያው ቁጭ በይ። ዮሐናን እልካታለሁ» አለ ብሥራት።

ዮሐና ከበልትስቪል ነድታ ስምንት ሰዓት ላይ ደረሰች። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፤ ኮቷን ሳታወልቅ በሩ ላይ ቆመች፤ ከዓይኗ ሥር ጠቁራለች። እናቷ የአባቷን እጅ ገልብጣ አሳየቻት። ዮሐና ቁስሉን ለማየት ጎንበስ አላለችም። «ማሚ፣ ውጪ እንውጣ። እሱንም ይዘነው» አለች። አንሶላውን ገፈፈች፣ የአልጋውን ዘንግ አወረደች፣ ቱቦውን ዘግታ ከፈሳሹ ነጠለችው፣ ክንዶቿን ከጀርባው ሥር አስገብታ አስጠጋችው። ሃይማኖት ለማገዝ እየሮጠች ደረሰች፤ ዮሐና ግን የወንበሩን ማቆሚያ በእግሯ ሳታይ ነው የረገጠችው። ብዙ ጊዜ ያደረገ ሰው ነው እንዲያ የሚያደርገው። ይገዙን ሲያወጣው የነበረው ማን እንደሆነ ዓባይነሽ ያኔ ገባት፤ በሊፍቱ ወረዱ።

ከሕንፃው በስተጀርባ ወደ ዛፎቹ የሚያዘቀዝቅ ሰፊ ሣር አለ። ቅዳሜ ስለሆነ ሰው የለበትም። ዮሐና ወንበሩን ነፋሱ ከጀርባው እንዲመጣ አድርጋ አቆመችውና ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ሳበችለት።

«እኔ ነኝ» አለች። «የሌሊቷ አስታማሚ ታውቃለች፤ ለምኛት ነው፤ መዝገብ ላይ አልጻፈችውም። ሰው እንዳይነቃ ሁለታችንም ጫማ አውልቀን ነበር የምናወጣው። ዶክተሩ ለምንም ነገር ሪስፖንስ የለውም ሲለኝ እንዴት እንደሚያዩት ጠየቅኩት። እስክሪቢቶ ጥፍሩ ላይ ይጫናሉ፤ መብራት ዓይኑ ላይ ያበራሉ። አባዬን በእስክሪቢቶ አታገኙትም አልኩ በልቤ። ሰኞ አንቺ ሥራ ስትሆኚ ካይቱን ከመኝታ ቤት ወሰድኩት።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርሽ ትመጫለሽ። ከመጣሽ ደግሞ አየ፣ ሰማ ትያለሽ። እኔ እውነቱን ነበር የፈለግኩት።» ወደ አባቷ ሳይሆን ወደ ሣሩ ነበር የምታየው። «ማክሰኞ ከፊቱ አበረርኩለት። አላየውም። ዓይኑ የነበረበት ቦታ ነው የቀረው። ረቡዕ ክሩን መዳፉ ውስጥ አስቀመጥኩለት፤ ወደቀ። ሐሙስ ጣቱ ላይ ጠመጠምኩት። ነፋሱ ድንገት መጣ፤ ክሩ ሮጠ። እኔ ላይ ላዩን ነበር የማየው። ሳይ ደሙ ብርድ ልብሱ ላይ ነው፤ እስከ አጥንቱ ድረስ ገብቷል ማሚ። ዓይኑን እንኳ አልጨፈነም። እጁን አልሳበም። አንድ ነገር፣ ትንሽ ነገር አላደረገም።» አንገቷን አቀረቀረች። «ከዚያ ቢሮ ሄጄ ወረቀቱን ሳይን አደረግኩ።»

ዓባይነሽ አላለቀሰችም፤ ልጇንም አልሰደበችም። ከጠዋት ጀምሮ በደረቷ ይዛው የዋለችው ነገር የት እንደገባ እንደሚፈልግ ሰው ዙሪያዋን አየች። ከዚያ፣ «ካይቱ የት ነው?» አለች።

«መኪና ውስጥ።»

«አምጪው።»

ዮሐና ካይቱን ይዛ ወደ ሣሩ ጫፍ ወረደችና ከራሷ በላይ ከፍ አድርጋ ያዘችው። ዓባይነሽ ክሩን ወጠረች። ዮሐና ስትለቀው አንዴ ወደ ግራ አዘንብሎ ተስተካከለና ቀጥ ብሎ ወጣ፤ ቀይ ጭራው ከኋላው ተመዘዘ። ከዛፎቹ በላይ ሆነ፤ ከሕንፃው ጣሪያ በላይ ሆነ። ጥቂት ቆይቶ ነጩ ወረቀት ደመናው ውስጥ ገባ፤ ቀጥሎ ጭራው ገባ። ከዚያ በኋላ ካይት የሚባል ነገር አልነበረም። ከእጇ የተነሳ ክር ግራጫው ውስጥ ገብቶ ይጠፋል፤ ከወዲያ በኩል ግን የማይታይ ነገር ይስበዋል። ክሩ ይዘምራል፤ ድምፁ ጥርስ ውስጥ ይገባል። ዮሐና ተመልሳ መጥታ ከጎኗ ቆመችና ወደ ላይ እያየች አንገቷን ኮቷ ውስጥ ቀበረች።

ዓባይነሽ መሀረቧን የይገዙ ጣት ላይ ጠቀለለችለት። ክሩን መዳፉ ውስጥ አስገብታ ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠፈቻቸውና በራሷ እጅ ሸፈነቻቸው። እጁ ቀዝቃዛ ነው። በወንበሩ አጠገብ በጉልበቷ ሣሩ ላይ ተቀመጠች፤ ርጥበቱ ቀሚሷን አልፎ ቆዳዋ ጋ ደረሰ። ሠላሳ ዓመት እሱ ሲሮጥ ክሩን የያዘችው እሷ ናት። ዓይኗን ጨፍና ክሩ የሚለውን ትሰማለች፤ ነፋሱ ሲከብድ፣ ሲላላ፣ ከዛፍ ጀርባ ሲዞር፣ ካይቱ ራሱን ሲያስተካክል፤ ሁሉም የየራሱ ስበት አለው። የይገዙን እጅ ደግሞ ከዚያ ሁሉ ለይታ ታውቀዋለች። አንድ ላይ ሲይዙ እሱ መጀመሪያ በትንሽ ጣቱ ነበር የሚጨብጠው። ያንን ጠበቀች። ግማሽ ሰዓት ሆነ፤ ከዚያም በላይ ሆነ። ክንዷ ደነዘዘ። ዮሐና ኮቷን አውልቃ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችላት፤ እሷ ግን አልተነሳችም።

ድንገት እጁ ከእጇ ሥር ሁለት ጊዜ ተሳበ። አጭር አጭር ነበር፤ ሰው ሰውን ሲጠራ እጅጌውን እንደሚስበው። ዓባይነሽ ዓይኗን ገለጠች። ዮሐና ፊቷን አየችና በርከክ አለች።

«ምንድን ነው? ማሚ፣ ምንድን ነው?»

ክሩ ዝም አለ፤ እንደገና ተወጠረ፤ እንደገናም ሁለት ጊዜ ሳበ። ትንሹ ጣት ከእጇ ሥር እንደ ተፈታ ገመድ ላልቶ ተኝቷል። ልጇ ፊቷ ላይ አፍጥጣ ትጠብቃለች። ማክሰኞ ማንም ምንም እንዳያደርግ ለማድረግ አንድ ቃል ይበቃት ነበር፤ ዮሐና ራሷ ወረቀቱን ልትቀድ ዝግጁ ናት፤ ይህ ከዓይኗ ይታያል።

«ነፋስ ነው» አለች ዓባይነሽ።

ክሩን ከእጁ አውጥታ ለዮሐና ሰጠቻት። ዮሐና እያለቀሰች ጠቀለለችው፤ ረጅም ጊዜ ወሰደባት። ካይቱ ከደመናው ሲወጣ ርሶ ከብዶ ነበር፤ የመጨረሻውን መንገድ እንደተመታ ወፍ እየተንገዳገደ መጥቶ ሣሩ ላይ ወደቀ። ዓባይነሽ ቀሚሷን አራግፋ ተነሳች። «የፈረምሽው ወረቀት አለሽ?» አለቻት። ኮፒው ቦርሳዋ ውስጥ ነበር። መኪናው ጋ ሄደው በኮፈኑ ላይ ዘረጉት፤ ነፋሱ እንዳይወስደው ዮሐና በሁለት እጇ ያዘችው። ጽሑፉ እንግሊዝኛ ነው፤ ከታች የዮሐና ፊርማና ቀኑ አለ።

«ለሁለተኛ ሰው ቦታ የለውም» አለች ዮሐና። «ደግሞ ኮፒ ነው፤ ምንም አይለውጥም።»

«እስክሪቢቶ ስጪኝ።»

ዓባይነሽ ከልጇ ስም ሥር፣ በጠባቡ ነጭ ጠርዝ ላይ፣ ሙሉ ስሟን በአማርኛ ጻፈች። ጽፋ ስትጨርስ እስክሪቢቶውን ከድና መለሰችላት። «ምሳ በልተሻል?» አለቻት። ዮሐና ራሷን ነቀነቀች፤ አልበላችም። ይገዙን ይዘው ገቡ፤ ሃይማኖት ቱቦውን መልሳ ቀጠለችለት፤ ከዚያ ሁለቱ ሴቶች ምድር ቤት ካለው ማሽን በሦስት ዶላር አንድ ሳንድዊች ገዝተው ለሁለት ተካፈሉ።

ማክሰኞ ሐኪሙ በስልክ በሚሰማ አስተርጓሚ በኩል ነገሩን ከመጀመሪያው ሊያስረዳት ሲጀምር ዓባይነሽ አውቃለሁ አለችው። ብሥራት መሬት መሬቱን እያየ ነበር። ቱቦው ረቡዕ ተነሳ። ይገዙ ዘጠኝ ቀን ቆየ፤ እናትና ልጅ እየተፈራረቁ አደሩ፤ አቶ ልሳነወርቅ ከመጋረጃው ወዲያ ሆነው ዳዊት ይደግሙለት ነበር። በዘጠነኛው ቀን፣ ገና ሊነጋጋ ሲል፣ ዮሐና መስኮቱ ጋ ቆማለች፤ ዓባይነሽ ደግሞ እጁን ይዛ ነበር። «አሁን ሄደ» አለቻት ለልጇ፤ ነርሷ የልብ ማዳመጫዋን ይዛ እስክትመጣ አልጠበቀችም።